የጋርላንድ ቅኝት

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቫዮሊን ለሰው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ የሰጠው፣ ሆሊስ ፕሩዊት «ቬስታ፣ እባክሽ ውሃ ስጪኝ» ባለ ጊዜ ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጬ የበቆሎ ዳቦ በአሬራ እየበላሁ ነበር። ከባዶው ወንበር በላይ፣ ከግድግዳው፣ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ። ሰው አፉን ሳይከፍት «እምም» እንደሚለው ያለ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ።

ቬስታ ብርጭቆውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሆሊስ ምንም አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አጥሯን ሲጠግን ውሎ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፤ ውሃውን ተቀብሎ ሲጠጣ ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም። እሷ ግን የምታየው እሱን አልነበረም። በትከሻው ላይ አሻግራ ቫዮሊኑን ታይ ነበር።

ገና ከደጅ ሳይርቅ ክንዴን ጨመደደችኝ። እጇ በረዶ ሆኗል።

«ናዲን፣ ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«አትሸፋፍኚ! ሰማሽ ወይስ አልሰማሽም?»

«ሰማሁ።»

«ጋርላንድ ነው» አለች። «ተቆጥቷል።»

ሟች ባሏን ማለቷ ነው። ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

እኔ ባስ መቺ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመንገድ ዳሩ ሱቅ ውስጥ በሚደረገው ጨዋታ፣ ከሁሉም ኋላ ያን ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ ክር ባስ ታቅፌ የምቆመው ሴትዮ እኔ ነኝ። ባስ የሚመታን ሰው ማንም አያየውም፤ እሱ ግን ሁሉንም ያያል። ብሉግራስ የሚሉትን አዲሱን የተራራ ሙዚቃ የሚጫወቱት ተራ በተራ ወደፊት እየወጡ ጣታቸውን ያሳያሉ። እኛ የድሮውን የምንጫወተው ግን ሁላችንም አንድ ላይ ጀምረን አንድ ላይ ይደክመናል። ታዲያ ሆሊስ ሲጫወት ቬስታን እንዴት እንደሚያያት፣ እሷ ደግሞ ከንፈሯን ነክሳ የወለሉን ሳንቃ እንዴት እንደምትቆጥር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቬስታ አትጫወትም። ድሮ ግን ትጫወት ነበር፤ በሰበዝ። ባሏ ጋርላንድ ደጋኑን ክሮቹ ላይ ሲገዘግዝ፣ እሷ ከጎኑ ቁጭ ብላ በሁለት ቀጫጭን ሰበዞች እነዚያኑ ክሮች በደጋኑና በጣቶቹ መካከል ትመታለች። አንድ ቫዮሊን፣ ሁለት ሰው። ጭንቅላት ለጭንቅላት ሳይነካኩ ስለማይሆን፣ በእኛ ሸለቆ ለአንድ ሰው ሰበዝ የምትመታለት ሚስቱ ወይም እህቱ ናት። ሌላ ሴት ከመታችለት ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ጋርላንድና ቬስታ ሲጫወቱ የትኛው ድምፅ የማን እጅ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።

ከዚያ ጋርላንድ የሚቆፍርበት የከሰል ማዕድን አቧራ ሳንባውን በላው። መጀመሪያ ዘፈኑ ጠፋ፤ ቀጥሎ ድምፁ። በመጨረሻው ዓመት የሚያወራው በሹክሹክታ ብቻ ነበር። አንድ የመስከረም ከሰዓት ቬስታ ከስፌት ፋብሪካው ስትመለስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሞቶ አገኘችው። ቫዮሊኑ ጭኑ ላይ ነበር፤ እጁ መቃኛው ላይ። ሰበዞቿን ከመሳቢያ አውጥቶ በወንበሯ ክንድ ላይ አኑሮላታል። እኛ ለየዜማው የተለያየ ቅኝት አለን፤ ጋርላንድ ቃኝቶ የተወው ግን ከምናውቃቸው ከአንዱም ጋር አይገጥምም።

«አብረን ልንጫወት ቃኝቶ ሲጠብቀኝ ነበር» አለችኝ በቀብሩ ዕለት። «ዘገየሁበት፣ ናዲን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መቃኛዎቹን የነካ የለም። የጋርላንድ እጅ መጨረሻ ያረፈው እዚያ ነዋ። ይህን የምናውቀው እሷ፣ አማቷ እማማ ኦፋና እኔ ብቻ ነን። ሌላው ሰው «የባሏን ቫዮሊን አታስነካም» ብሎ ያልፋል። የከሰሉ ባቡር በሸለቆው ግርጌ ሲያልፍ ክሮቹ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ጋርላንድ በቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ የከተተው የእባብ ጅራትም፣ ያ እንደ ጽናጽል የሚንኳኳው፣ ሽሽ ይላል። አይጥና እርጥበት ያርቃል ብለን ሁላችንም እንከትታለን። ባቡሩን ለምደነው ነበር። ለሰው ግን መልሶ አያውቅም፤ ለሰባኪውም፣ ለእኔም፣ ለገዛ እናቱም። ለሆሊስ ብቻ መለሰ። ከዚያች ቀን በኋላም ሆሊስ በመጣና በተናገረ ቁጥር ያጉረመርማል።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። የላላ ክር የሚስማማው ወፍራም ድምፅ ሲያገኝ ይንቀጠቀጣል፤ የኔም ባስ ያደርገዋል። ይህንኑ ለቬስታ ነገርኳት።

«እሺ፣ ታዲያ ለምን ለሱ ብቻ?» አለችኝ።

እንደሱ ያለ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ስለሌለ ነው ልላት ነበር። ግን ያ ባዶ ወንበር ከጎኔ ነበርና ተውኩት።

ሆሊስ የማዕድኑ ኃላፊ ልጅ ነው። የነሱ ቤት ነጭ ቀለም ተቀብቶ ከላይ ነበር፤ የኛዎቹ ከታች፣ ጥላሸት ለብሰው። አባቱ ፒያኖ አስተማሪ ቀጠሩለት። እሱ ግን በጓሮ በር እየሾለከ የአባቱ ሠራተኞች በረንዳ ላይ ቫዮሊን ለመደ። አሁን አባቱ ሞተዋል፤ ማዕድኑም ተዘግቶ ባቡሩ የሌላ ሸለቆ ከሰል ይዞ ያልፋል። ሆሊስ ቫዮሊን ይጠግናል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ሸንተረሩ ላይ ባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሰዎች ከቨርጂንያ ማዶ ሳይቀር እየመጡ ሳምንት ይቀመጣሉ። ወረቀት የሚባል ነገር የለም፤ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ከጆሮ ወደ እጅ ይማራሉ። ሰበዝ የሚያስተምራቸው ግን ጠፋ። የሚያውቁት አንድ በአንድ አልቀው ቬስታ ብቻ ቀርታለች።

«አንቺ ስትሄጂ እኮ ሙያው አብሮሽ ይቀበራል» አላት ሆሊስ አንድ ቅዳሜ፣ በመንገድ ዳሩ ሱቅ በረንዳ ላይ።

«ይቀበር! ብዙ ነገር ቀብሬያለሁ።»

«ስለ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው የምለምንሽ መሰለሽ?»

«እንግዲያ ስለ ምን?»

«አጠገቤ እንድትቀመጪ። ጭንቅላትሽ ጭንቅላቴን እስኪነካ ድረስ። ይኸው፣ አልኩት! ከፈለግሽ ሳቂብኝ።»

አልሳቀችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ፤ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ምት እየመቱ ነበር፣ ራሷም አላወቀችውም። አፏን ከፈተች። አሁን እሺ ልትለው ነው ብዬ ባሴን አጥብቄ ያዝኩ።

«አልችልም፣ ሆሊስ» አለች። «ቤቴ ውስጥ የሚሰማን አለ።»

እሱ አማቷን ያለች መስሎት «እማማ ኦፋን እኔ አግባባቸዋለሁ» አለ። እሷ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ማንን እንዳለች የገባኝ እኔ፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ።

በግንቦት መጨረሻ፣ መቃብር በሚጸዳበትና አበባ በሚደረግበት ቀን፣ ቬስታ፣ እማማ ኦፋና እኔ ምግባችንን ይዘን ወደ ጋርላንድ መቃብር ወጣን። ሆሊስ የቬስታን ጣሪያ ሊጠግን ቀረ። እማማ ኦፋ የፈለጉት ጣሪያው እንዲጠገን እንጂ ሆሊስን አልነበረም። «በዚያ ዘር እጅ ከሚጠገን ቢያፈስ ይሻላል» እያሉ እስከ መቃብሩ አጉረመረሙ።

አሮጌውን ቆርቆሮ ነቅሎ አዲሱን ሳያለብስ ሰማዩ ተቀደደ። እኛ ባቄላውንና የፖም ኬኩን ሣሩ ላይ ዘርግተን ስለነበር ዝናቡ አብሮን በላ። ቤት ስንደርስ ሆሊስ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ርሶ በረንዳው ላይ ቆሟል። ባርኔጣው ብቻ ውስጥ፣ ከበሩ ጎን ምስማር ላይ፣ ደርቆ ተንጠልጥሏል።

«ውሃው በግድግዳው ወረደ» አለ። «ቫዮሊኑ ላይ። ሆዱ ሊከፈት ነበር፣ ቬስታ፤ ደርሼበታለሁ። መጠገኛ ሱቄ ውስጥ ማጣበቂያው እየደረቀ ነው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኩት።»

እንባዋ ግጥም አለ። ከዚያም እጁን ያዘችው፤ በአማቷ ፊት፣ በእኔ ፊት፣ በሰማይ ዝናብ ፊት። ሆሊስ የሚገባበት አጣ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ማጣበቂያው በደረቀ ጊዜ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣው። ቬስታ ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ዳሰሰችው። ስንጥቁ የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም። ከክሮቹ ሥር የተከማቸውን ያን ነጭ አቧራ፣ ጋርላንድ ደጋኑን ይቀባው ከነበረው ሙጫ የረገፈውን፣ አልጠረገውም። ያን ያህል ተጠንቅቋል። ተነሥታ ወደ ቦታው ሰቀለችውና ፈገግ እያለች ወደ እሱ ዞረች።

«አንድ ነገር ተናገር» አለችው።

«ምን ልበል?»

ከግድግዳው ምንም አልመጣም።

«ሌላ በል። ድምፅህን ከፍ አድርገህ።»

«እሺ፤ ቆንጆ አድርጎ ተጣብቋል፣ እኔና አንቺ አርጅተን እንኳ...»

ዝም። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። እማማ ኦፋ ሹራባቸውን መሥራት አቆሙ።

«ሆሊስ» አለች፣ «መቃኛዎቹን ነክተሃል?»

«እንዴ! ክሩ ካልላላ ሆዱ እንዴት ይጣበቃል? አላላሁት፣ አጣበቅሁት፣ መልሼ ቃኘሁት። በደንበኛው ቅኝት ነው፤ ትችያለሽ፣ ሞክሪው።»

እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠራው ጥሩ ጠጋኝ ብቻ ነው። የሰው ቫዮሊን ሳይቃኙ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የተዋሱትን ድስት ሳያጥቡ እንደ መመለስ ነው። ሆሊስ አላሰበበትም። እጁ በልማዱ ሠርቶ ጨርሷል።

ቬስታ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«እጁ ነበር እኮ» አለች። «ከጋርላንድ የቀረኝ እጁ ነበር። እንዳስቀመጠው ነበር። አጠፋኸው።»

የጮኹት እማማ ኦፋ ናቸው። «አባትህ ልጄን ወደ መሬት ሥር አወረደው! አንተ ደግሞ ቫዮሊኑን ከግድግዳው አወረድከው! ከዚህ ወዲያ ምን ቀረን? ውጣ ከቤታችን!»

ሆሊስ አንዴ ቬስታን፣ አንዴ ቫዮሊኑን አየ። ምን እንዳጠፋ ገና በቅጡ አልገባውም፤ ትልቅ ነገር እንደሆነ ግን ፊቷ ነግሮታል። ባርኔጣውን ምስማሩ ላይ እንደረሳ ወጣ። እኔም ከሁለቱ ማንን እንደምከተል አጥቼ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

የሚያጉረመርም ቤት ያስፈራል፤ ዝም ያለ ቤት ግን ይብሳል። ባቡሩ ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፣ የእባቡ ጅራት ሽሽ ይላል፣ ክሮቹ ግን ድምፅ የላቸውም። እማማ ኦፋ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ይውላሉ። ባርኔጣውን ማንም አላነሣውም። አንድ ቀን በመስኮት ሳይ ቬስታ ከቫዮሊኑ ሥር ቆማ የሁለት ሰው ስም ስትጠራ አገኘኋት። ጋርላንድ ትላለች፣ ታዳምጣለች። ሆሊስ ትላለች፣ ታዳምጣለች። እንድታየኝ አልፈለግሁም፤ ግን አየችኝ።

«ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» አለች በሩን ስትከፍትልኝ። «አሁን ሁለቱንም ባንድ ቀን አጣሁ።»

«ሁለቱንም?»

ፊቷን በመጎናጸፊያዋ ሸፈነች። «አዎ፣ ሁለቱንም! ደስ አለሽ?»

ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ሸንተረሩ ወጣሁ። ሆሊስ መጠገኛ ሱቁ ውስጥ ክር በሌላቸው ቫዮሊኖች መካከል ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል፣ ሥራ የሚባል አልነካም።

«ተነሥና መልስላት!» አልኩት።

«ምኑን ልመልስ? ናዲን፣ ውሃው ከሆዱ ሲንጠባጠብ ክሩን በጥድፊያ ፈታሁት። ምን ዓይነት ቅኝት እንደነበር አልሰማሁትም።»

«አንተማ ምን ትሰማለህ!» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሰበዞቹ፣ እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር ቫዮሊኑ እንደሚያጉረመርም።

ፊቱ ነጣ። «ለኔ?»

«ላንተ ብቻ። ለዚህ ነው የሸሸችህ። ባሏ የተቆጣ መስሏት።»

ከዚያ ደጋኑን አነሣ።

«ለድምፄ ይመልስ ከነበረ፣ ድምፄ ያውቀዋል ማለት ነው» አለ።

ስንደርስ ጭጋጉ ሸለቆውን ሞልቶት ቀኑ ምሽት መስሏል። በሩን የከፈቱት እማማ ኦፋ ናቸው።

«ምን ልትጨርስ መጣህ?»

«እማማ፣ እጁን መመለስ አልችልም» አለ ሆሊስ። «ድምፁን ግን ልፈልገው። ካጣሁት ሁለተኛ ፊቴን አያዩትም። እሷም አታየኝም።»

እሳቸው ከበሩ ዞር አሉ። ቬስታ ቫዮሊኑን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችው፤ ጣቶቻቸው እንዳይነካኩ አድርጋ ነው የሰጠችው። ሆሊስ የማገዶው ሣጥን ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ አቆመው።

«ምን ልበል?» አላት።

«ድሮ ትል የነበረውን።»

«ድሮ እዚህ ስመጣ የምለው ስምሽን ነበር።»

«እንግዲያ እሱን በል» አለች በቀስታ።

ወፍራሙን ክር ትንሽ አላላና ወደ ቫዮሊኑ ጎንበስ ብሎ ተናገረ። «ቬስታ።» ምንም። እንደገና አላላ። «ቬስታ።» ምንም። በዚያ በጨለመ ቤት ውስጥ ሰው የሟች ቫዮሊን ላይ አጎንብሶ የዚያኑ ሟች ሚስት ስም ሲጠራ ለሰሚ አያስችልም። ጥቂት ቆይቶ ስሟን የሚጠራው ሆሊስ ይሁን ሌላ ሰው ይሁን መለየት አቃተኝ። እና «ቬስታ» ሲል፣ ከእንጨቱ ውስጥ ያ የምናውቀው «እምም» መጣ።

«እዚያ ጋ!» አለች ቬስታ፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «እዚያ ጋ ነው፣ አትንካው!»

ሁለተኛው ክር እንዲሁ ተገኘ፤ ሦስተኛውም። ቀጭኑ ክር ግን አሻፈረኝ አለ። ሆሊስ አላላ፣ አጠበቀ፣ ስሟን ጠራ፤ ድምፁ እየሻከረ መጣ። ቬስታ «አይደለም... አዎ... አላውቅም፣ ጠፋብኝ!» ብላ ራሷን ያዘች።

«አለፍከው» አሉ እማማ ኦፋ።

ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

«መልስ። ትንሽ። ገና ነው... ልጄ ከዚያ ዝቅ ይላል። ከሱ ጋር ሳወራ የኖርኩ አይደለሁ እንዴ? ዝቅ አድርገው።»

ሆሊስ መቃኛውን በፀጉር ስፋት አዞረ። «ቬስታ።»

አራቱም ክሮች ባንድነት መለሱ። የእባቡ ጅራት ሽሽ አለ፤ የመስኮቱ መስተዋት ነዘረ። እማማ ኦፋ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው «መጣ» አሉ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ እንኳ ፀጉሬ ቆመ።

ቬስታ ታለቅሳለች፤ «እሱ ነው፣ እሱ ነው» ትላለች። ሆሊስ ግን ፊቱ ላይ ደስታ የለም። ግንባሩን ቋጥሮ ደጋኑን አነሣና ክሮቹ ላይ ሳበው። ቫዮሊኑ እንደታመመ በሬ አቃሰተ። ጣቱን አሳርፎ ሞከረ፤ ባሳረፈ ቁጥር አንዱ ክር ከሌላው ይጣላል። ደጋኑን አስቀመጠ።

«ሰበዞቹ የት ነበሩ? ያኔ ስትገቢ።»

«በወንበሬ ክንድ ላይ። ለምን?»

እኔ ከኋላ ቆሜ አየሁት፤ ገብቶታል። የገባው ነገር ደግሞ ልቡን ወግቶታል። መደበቅ ይችል ነበር። ሟች ባሏ ምን ብሏት እንደሞተ፣ እሷን የሚመኝ ሌላ ሰው ለምን ይነግራታል? ማን ያውቅበታል?

«ቬስታ» አለ፤ ቫዮሊኑም አብሮት «እምም» አለ። «አልዘገየሽበትም። አብሮሽ ሊጫወት አልነበረም። አብሮ የሚጫወት ሰው ክሩን እንዲህ አያላላውም፤ ደጋን አይዘውም፣ ጣት አይቀበልም። አራቱም የሚስማሙት ማንም ሳይጫናቸው ብቻ ነው። ይህ ቅኝት ለሰበዝ ብቻ ነው። ያለሱ፣ ብቻሽን እንድትጫወቺ ነው ቃኝቶልሽ የሄደው።»

ቬስታ ሰበዞቹ የነበሩበትን የወንበሯን ክንድ ዳሰሰች።

«ለዚያ ነው ሰበዞቹን ያወጣልሽ» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው።

ቬስታ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እነዚያን ዓመታት ሁሉ «አትንኪኝ» የሚላት መስሏት ነበር። እሱ ንኪኝ እያላት ነበር። እንዲህ ዓይነት ለቅሶ አይቼ አላውቅም፤ ኀዘንም ደስታም ነበረበት። እማማ ኦፋ ተነሥተው መሳቢያውን ከፈቱና ሰበዞቹን አምጥተው እጇ ላይ አኖሩላት።

ሆሊስ ቫዮሊኑን ጭኗ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠላትና ወደ ኋላ ራቀ።

መጀመሪያ ሰበዞቹ ክሮቹን ሳቱ፣ እንጨቱን መቱ። ከዚያ አንዱ ክር ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ሌላው። ምቱ መጣ፤ ያ የድሮው፣ ሲጫወቱ ሰው ወንበሩን ትቶ እንዲነሣ የሚያደርገው። ማንም ደጋን ሳይስብ ቫዮሊኑ ተናገረ። ጋርላንድ አጠገቧ ባዶው ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ከዚህ የተለየ ባልሰማሁ ነበር። ደግሞም እምላለሁ፣ በዚያች ሰዓት ወንበሩ ባዶ አልመሰለኝም።

ሆሊስ ሥራውን የጨረሰ ሰው ሆኖ ወደ በሩ ሄደና ባርኔጣውን ከምስማሩ አነሣ።

«ሆሊስ» አለች ቬስታ፣ መምታቷን ሳታቆም።

«አቤት።»

«አንድ ነገር ተናገር።»

ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምቆ ቆመ። ትልቅ ቃል ሊናገር እንደፈለገ አየሁ፤ ደረቱ ሞልቶ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ስሟን ሲጠራ የዋለው ጉሮሮው ግን ደርቆ ከዳው። የወጣው ይህ ብቻ ነው።

«ውሃ... ውሃ ስጪኝ፣ ቬስታ።»

ቫዮሊኑ ጭኗ ላይ «እምም» አለ። የሰበዞቹ ምት ቆመ። ቬስታ አማቷን አየቻቸው፤ ዓይኗ ውስጥ ልመናም ፍርሃትም አለ። እማማ ኦፋ ግድግዳውን አዩ፣ ባዶውን ወንበር አዩ፣ ሆሊስን አዩ።

«ስጪዋ!» አሉ በቁጣ፣ እንባቸው እየወረደ። «ሰውየው በጥም ሞተ እኮ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?»

ቬስታ ተነሣች። ቫዮሊኑን ወንበሯ ላይ፣ ሰበዞቹን ክንዱ ላይ አስቀምጣ ወደ ማድጋው ሄደች። ማንም አልተናገረም። ባቡር አልነበረም። እኔ ባስ መቺ ነኝ፤ አንድ ድምፅ መቼ ማለቅ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ይህ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ውሃውን ስትቀዳ፣ ክፍሉን አቋርጣ ስትመጣ፣ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከወንበሯ ላይ ተከተላት። ዝም ያለው ብርጭቆውን ሆሊስ እጅ ላይ ስታኖርና እጇን ሳትመልስ ስትቀር ነው።